የሕዋስ ሜታቦሊዝም በደም በሽታዎችና በሕክምናቸው ያለው ድርሻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

“ደም ማነስ” የሚል ውጤት ይዞ ከሐኪም ቤት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምን ልውሰድ?” ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሕዋሱ ምን ጎደለው? ኃይል ነው፣ ራሱን የሚከላከልበት ነገር ነው፣ ወይስ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ? ጉድለቱ ሲታወቅ የሚረዳው መድኃኒት ይታወቃል፤ የሚጎዳውም እንዲሁ። እነዚህ መልሶች የተጻፉት ለታማሚዎች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ነገሩን መረዳት ለሚፈልግ ሁሉ ነው። የሐኪምን ምርመራ አይተኩም። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሕዋስ ሜታቦሊዝም ምንድን ነው? ከደም ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ሕዋስ ግሉኮስን፣ ቅባትንና አሚኖ አሲድን ሰባብሮ ኃይል የሚያወጣበት፣ በዚያም ኃይል የሚያስፈልገውን ነገር መልሶ የሚገነባበት ኬሚካላዊ ሥራ በጠቅላላ ሜታቦሊዝም ይባላል። እያንዳንዱን ደረጃ የሚያካሂደው አንድ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በዘር ተበላሽቶ ከተወረሰ፣ ወይም የሚሠራበት ቫይታሚን ወይም ማዕድን ካነሰ፣ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል ወይም ይጓተታል።

ይህ በደም ላይ ቶሎ የሚታይበት ምክንያት አለ። የአጥንት መቅኔ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። ይህን ያህል ምርት ያለበት ቦታ ላይ የጥሬ ዕቃ እጥረት ሳይታይ አይቆይም። በሌላ በኩል፣ የበሰለው ቀይ ሕዋስ ኑክሊየሱን አውጥቶ ስለሚጥል አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም። ከመቅኔ ይዞት የወጣውን ኢንዛይም ይዞ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ማለትም 120 ቀን ገደማ፣ መኖር አለበት።

ቀይ የደም ሕዋስ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው?

ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኦክስጅን ለመላ ሰውነት የሚያደርሰው ሕዋስ ራሱ ከጫነው ኦክስጅን አይጠቀምም። ሌሎች ሕዋሳት ኦክስጅንን ለኃይል የሚያውሉበትን ሚቶኮንድሪያ ገና ሲበስል አጥቶታል። የቀረለት መንገድ ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን መሰባበር ብቻ ነው፤ ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈውም 2 ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋሱ ለሥራው የሚያወጣው የኃይል ቅንጣት፣ ነው። በዚህች ትንሽ ገቢ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የሽፋኑንም ልስላሴ ይጠብቃል። የሕዋሱ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ሲሆን ከዚያ በሚጠብቡ የደም ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ ማለፍ አለበት። ኤቲፒ ያነሰው ሕዋስ ይደርቃል፤ የደረቀውን ደግሞ ጣፊያ ይዞ ያስቀረዋል።

ከዚሁ ዋና መንገድ ላይ የሚወጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የቀሩትን ጥያቄዎች ለመረዳት እነሱን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ኤንኤዲፒኤች ነው፤ ግሉታታዮን የተባለውን የሕዋሱን መከላከያ እያደሰ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንና ሽፋኑ በኦክሲዴሽን (እንደ ብረት ዝገት ባለ ኬሚካላዊ ጉዳት) እንዳይበላሹ ያደርጋል። ሁለተኛው ኤንኤዲኤች ነው፤ በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ወደማይሸከምበት ሁኔታ ሲለወጥ መልሶ ያስተካክለዋል። ሦስተኛው 2፣3-ዲፒጂ ነው፤ ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን ለሰውነት ክፍሎች በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ሰው ወደ ከፍተኛ ቦታ ሲወጣ ይህ የመጨረሻው መጠኑ ይጨምራል።

የጂ6ፒዲ እጥረት ምንድን ነው? ጤነኛ የሚመስል ሰው በመድኃኒት ለምን በድንገት ይታመማል?

ጂ6ፒዲ ግሉኮስን ወደ ኤንኤዲፒኤች መሥሪያ መንገድ የሚያስገባው ኢንዛይም ነው። እጥረቱ በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን በሚገመቱ ሰዎች ላይ ስለሚገኝ፣ በዘር ከሚወረሱ የኢንዛይም ጉድለቶች ሁሉ በስፋት የሚታየው ነው። ወባ በሚበዛባቸው ወይም ይበዛባቸው በነበሩ አካባቢዎች የሚያይለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እጥረቱ ከከባድ ወባ የተወሰነ ከለላ ይሰጣል።

አብዛኛው ባለ እጥረት ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ኦክሲዴሽን የሚያስከትል ነገር ሲገጥመው ነው። ያኔ ሄሞግሎቢኑ ተበላሽቶ በሕዋሱ ውስጥ ይረጋል። የረጋው ሄሞግሎቢን በልዩ ቀለም ሲታይ ከሽፋኑ ጋር የተለጠፉ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይመስላል፤ ሄይንዝ ቦዲ ይባላል። ጣፊያ ይህን የረጋውን ክፍል ከሕዋሱ ላይ ነጭቶ ስለሚያወጣው፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ጠርዛቸው የተነከሰ የሚመስል ሕዋሳት ይታያሉ። ታማሚው ላይ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ወገብ ወይም ሆድ ያማል፣ ድካም ይመጣል።

ነገሩ የተደረሰበት በወባ መድኃኒት በኩል ነው። ፕሪማኪን የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ለምን ደማቸው እንደሚፈርስ ሲመረመር ቆይቶ፣ በ1956 ምክንያቱ በቀይ ሕዋሶቻቸው ውስጥ ያለ የዚህ ኢንዛይም እጥረት መሆኑ ታወቀ።

ከምን መጠንቀቅ ያስፈልጋል?

ዳፕሶን፣ ሜቲሊን ብሉ፣ ራስቡሪኬዝና ታፌኖኪን የተባሉት መድኃኒቶች አደጋቸው በግልጽ የታወቀ ነው። ፕሪማኪን በመጠኑ ይወሰናል። የቫይቫክስ ወባ እንዳያገረሽ ለቀናት ከመሰጠቱ በፊት የኢንዛይሙን መጠን መመርመር ይመከራል፤ የፋልሲፓረም ወባ እንዳይተላለፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ዝቅተኛ መጠን ግን ያለ ምርመራም እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ባቄላ ዳይቪሲንና አይሶዩራሚል ወደሚባሉ ኦክሲዴሽን አምጪ ነገሮች የሚለወጡ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ሕዋሱን ሊያፈርስ ይችላል፤ በተለይ ሕፃናትን። ልብስን ከብል ለመጠበቅ የሚቀመጠው ናፍታሊንም እንዲሁ። ኢንፌክሽን ራሱ ብቻውን ሊቀሰቅሰው እንደሚችል መርሳት አይገባም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ለባለ እጥረቶች የሚታደሉ የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ረጅም ናቸው፤ በቂ ማስረጃ የሌላቸው መድኃኒቶች ተጨምረውባቸዋል። ሰው በፍርሃት የሚያስፈልገውን ሕክምና እንዲተው ማድረግም ጉዳት ነው። በተለመደው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ባለ እጥረት ችግር አያመጣም። ጥርጣሬ ሲኖር ዝርዝሩን ከማመን ፋርማሲስትን ወይም ሐኪምን መጠየቅ ይሻላል።

ምርመራው “ጤነኛ ነህ” አለኝ፤ ሊሳሳት ይችላል?

አዎ፤ በተለይ ደሙ በፈረሰበት ሰሞን ከተደረገ። ኢንዛይማቸው ያነሰው አሮጌዎቹ ሕዋሳት ቀድመው ስለሚፈርሱ የሚቀሩት ለጋዎቹ ናቸው፤ ለጋ ሕዋስ ደግሞ ከአሮጌው የበለጠ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ ጥርጣሬው ካለ ምርመራው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ሴቶች ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘረመሉ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ አንዲት ሴት ጤነኛና ጎደሎ ሕዋሳት ተቀላቅለው ሊኖሯት ይችላሉ። “አለ” ወይም “የለም” ብቻ የሚል ፈጣን ምርመራ ይህን መካከለኛ ሁኔታ ሊስተው ይችላል። ታፌኖኪን ለመስጠት የኢንዛይሙ አቅም ከ70 በመቶ በላይ መሆኑ በቁጥር መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ሜቲሊን ብሉ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የሄሞግሎቢን ብረት ተለውጦ ኦክስጅን መሸከም ሲያቅተው ሜትሄሞግሎቢኒሚያ ይባላል፤ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራሉ ወይም ሰማያዊ ይሆናሉ። ሜቲሊን ብሉ ኤንኤዲፒኤችን ተጠቅሞ ብረቱን ይመልሰዋል። ጂ6ፒዲ የጎደለው ሰው ግን ኤንኤዲፒኤች ስለሚያንሰው መድኃኒቱ ሥራውን አይሠራም፤ ይባስ ብሎ ሕዋሱን ያፈርሳል።

የፓይሩቬት ካይኔዝ እጥረትስ ምንድን ነው?

ፓይሩቬት ካይኔዝ በግሉኮስ መሰባበሪያው መንገድ የመጨረሻውን ደረጃ የሚያካሂድና ኤቲፒ የሚያስገኝ ኢንዛይም ነው። እጥረቱ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረመል በወረሱ ሰዎች ላይ ይታያል። ሕዋሱ ኃይል አጥሮት ያለ ዕድሜው ይፈርሳል፤ ደም ያንሳል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል፣ ጣፊያ ያብጣል።

እንደ እኔ እምነት ስለዚህ በሽታ መታወቅ ያለባቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ስለተዘጋ ከመዘጊያው በላይ ያለው 2፣3-ዲፒጂ ይከማቻል። በዚህ የተነሳ ያለው ጥቂት ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን በቀላሉ ይለቃል፤ ታማሚው ቁጥሩ ከሚያሳየው ይልቅ ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ ደም የመስጠት ውሳኔ በሄሞግሎቢን ቁጥር ብቻ መወሰን የለበትም፤ ሰውየው እንዴት እንደሚውልና ምን እንደሚያቅተው ይጠየቅ። ሁለተኛው፣ ደም ወስዶ የማያውቅ ታማሚም ቢሆን ብረት በጉበቱና በልቡ ሊከማችበት ይችላል። መቅኔው በጥድፊያ ስለሚያመርት ሰውነቱ ከምግብ የሚወስደው ብረት ይጨምራል። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን በየጊዜው መለካት አለበት፤ “ደም አንሶሃል” ተብሎ የሚሰጥ የብረት ክኒን ደግሞ እንዲህ ላለው ሰው ጉዳት ነው።

ለረጅም ዘመን የነበረው ሕክምና ደም መስጠትና ጣፊያን ማውጣት ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 አሜሪካ ውስጥ ሚታፒቫት የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ለአዋቂዎች ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት ኢንዛይሙን ራሱን ይዞ ያነቃቃዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ኤቲፒ ይጨምራል፣ 2፣3-ዲፒጂ ይቀንሳል። ቋሚ ደም በማይወስዱ አዋቂዎች ላይ በተደረገው ዋና ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት 40 በመቶው ሄሞግሎቢናቸው በሚፈለገው ያህል ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማነጻጸሪያ ክኒን) ከወሰዱት አንድም አልነበረም። ሁሉንም አይረዳም። ሁለቱም የዘረመል ቅጂዎች ኢንዛይሙን ጨርሶ እንዳይሠራ ካደረጉት የሚነቃቃ ነገር ስለሌለ ውጤት አይጠበቅም፤ ከመጀመሩ በፊት የዘረመል ምርመራ ማድረግ ትርጉም ያለው ለዚህ ነው። የጀመሩት ሰዎችም በድንገት ማቆም የለባቸውም፤ ድንገተኛ የደም መፍረስ ሊያስከትል ስለሚችል መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ሲክል ሴል የሄሞግሎቢን በሽታ አይደለም? ሜታቦሊዝም ምን አገባው?

መነሻው ሄሞግሎቢን ነው፤ በቤታ ሰንሰለቱ ላይ የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ። የተለወጠው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲለቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ሕዋሱን ያጣምመዋል። ሜታቦሊዝም የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ 2፣3-ዲፒጂ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ ቶሎ ይለቀቃል፣ መጣመሙም ይቀላል። ኦክሲዴሽኑም ከባድ ነው።

በዚህ መነሻ ብዙ ተሞክሯል። ኤል-ግሉታሚን የሕዋሱን የኦክሲዴሽን መከላከያ ያግዛል ተብሎ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታማሚዎች ተፈቅዷል፤ የሕመም ጥቃቶችን በመጠኑ ይቀንሳል። ፓይሩቬት ካይኔዝን የሚያነቃቁ መድኃኒቶችም በሲክል ሴልና በታላሴሚያ (ሄሞግሎቢን በበቂ የማይሠራበት የዘር በሽታ) ታማሚዎች ላይ ተጠንተዋል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብ የሚገባው ግን የቮክሰሎቶር ጉዳይ ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አጥብቆ እንዲይዝ የሚያደርግ መድኃኒት ነበር፤ የሄሞግሎቢን ቁጥርን በግልጽ ከፍ ስላደረገ በ2019 ተፈቀደ። በሴፕቴምበር 2024 አምራቹ ከመላው ዓለም ገበያ አወጣው፤ የተሰበሰበው መረጃ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሕመም ጥቃትና ሞት ሳይበዛ እንዳልቀረ ጠቁሞ ነበርና። ቁጥር ከፍ ማለቱና ታማሚው መዳኑ አንድ አይደሉም። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ “ሄሞግሎቢንን ስንት ጨመረ?” ብቻ ሳይሆን “ሕመሙን፣ ስትሮኩን፣ ሞቱን ቀነሰ ወይ?” ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሃይድሮክሲዩሪያ ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው። ይህም የሚሠራው በሜታቦሊዝም በኩል ነው፤ የዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ የሚሠራውን ሪቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይገታል፣ በዚህም ሕዋሱን የማያጣምመው የፅንስ ሄሞግሎቢን እንዲጨምር ያደርጋል። በ2019 በታተመ፣ በአራት የአፍሪካ አገሮች በተካሄደ ጥናት ወባ ባለባቸው ቦታዎች ለሚኖሩ ልጆችም ደኅንነቱ የተጠበቀና ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስ ስላልሆነ ብቻ ሊናቅ አይገባም።

ደሜ አንሷል ተብዬ ፎሊክ አሲድ ብቻ ብወስድ ምን ችግር አለው?

ፎሌትና ቫይታሚን ቢ12 አብረው ሠርተው ታይሚዲን የተባለውን የዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ ያስገኛሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል የመቅኔ ሕዋስ ያድጋል፣ መከፈል ግን ያቅተዋል፤ ቀይ ሕዋሳቱ ትልልቅ ሆነው በቁጥር ያንሳሉ። በደም ናሙና ላይ ነጭ ሕዋሳቱም ይለወጣሉ፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስ ኑክሊየስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ክፍል ሲኖረው እዚህ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል።

የጎደለው ቢ12 ሆኖ ፎሊክ አሲድ ብቻ ከተሰጠ ደሙ ሊሻሻል ይችላል። ጉዳቱ የሚደበቀው በዚህ መሻሻል ነው። ቢ12 ለነርቭ የሚሠራው ሌላ ሥራ ስላለ ነርቩ መጎዳቱን ይቀጥላል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ማስታወስ ይደክማል፤ ከዘገየም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቢ12 ሳይለካ ወይም አብሮ ሳይሰጥ ፎሊክ አሲድ ብቻውን መጀመር የለበትም። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት ለዓመታት የወሰዱ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሰው የማይመገቡ ሰዎች በተለይ ይህን ምርመራ ይጠይቁ። በሰውነት የተከማቸ ቢ12 ለዓመታት ስለሚበቃ እጥረቱ መንስኤው ከተረሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ፎሌት ግን በወራት ውስጥ ያልቃል።

የብረት እጥረት ሁሉ በብረት ክኒን ይድናል?

አይድንም፤ ሁለት ነገሮች ይምታታሉና። በአንደኛው ብረቱ በእርግጥ አልቋል። በሌላኛው ብረት በሰውነት ውስጥ አለ፣ ግን ሄፕሲዲን የተባለው ከጉበት የሚወጣ ሆርሞን በኢንፌክሽን ወይም በሥር የሰደደ ብግነት ምክንያት ጨምሮ መውጫውን ዘግቶበታል። የመጀመሪያው ክኒን ይፈልጋል፤ ብረቱ ለምን እንዳለቀም መመርመር አለበት። ሁለተኛው የሚሻለው ዋናው በሽታ ሲታከም ነው። ታላሴሚያ ያለባቸው ሰዎች ቀይ ሕዋሶቻቸው ትንንሽ ስለሆኑ ብቻ ብረት ጎድሏቸዋል ተብሎ ለዓመታት ክኒን ሲሰጣቸው ይኖራል። ፌሪቲን ይለካ፤ ከዚያ ይወሰን።

ክኒኑን ለሚወስዱ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። አንድ መጠን ብረት ሲዋጥ ሄፕሲዲን ለአንድ ቀን ገደማ ከፍ ስለሚል ተከትሎ የሚዋጠው በደንብ አይገባም። አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባውን ብረት እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ሆድ ለሚያማቸው ሰዎች ይህን ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩበት መልካም ነው።

በደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ ሜታቦሊዝም እንዴት ይገባል?

ሉኪሚያን ለማከም መጀመሪያ ውጤት ያሳዩት መድኃኒቶች በቀጥታ የሜታቦሊዝም መድኃኒቶች ነበሩ። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር ፎሌት የሉኪሚያ ልጆችን በሽታ የሚያፋጥን እንደሚመስል አስተዋለ፤ ይህን ገልብጦ ፎሌትን የሚቃረን አሚኖፕተሪን ሰጠ፤ በ1948 ጊዜያዊም ቢሆን በሽታው መጥፋቱን ዘገበ። የዛሬው ሜቶትሬክሴት የዚያ ዘመድ ነው። ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ደግሞ የዲኤንኤን ጥሬ ዕቃ የሚመስለውን መርካፕቶፑሪን ሠሩ፤ በ1988 ከጀምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

አስፓራጂኔዝ ሌላው ነው። ጤነኛ ሕዋሳት አስፓራጂን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሳቸው ይሠራሉ። በሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተጠቁት ሕዋሳት ግን ይህን በበቂ መሥራት ስለማይችሉ ከደም ይወስዳሉ። መድኃኒቱ አስፓራጂንን ከደም ያጠፋል፤ የካንሰሩ ሕዋሳት ፕሮቲን መሥራት አቅቷቸው ይሞታሉ። የጊኒ ፒግ የደም ውኃ በአይጦች ላይ ያለ ሊምፎማን (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰርን) እንደሚያጠፋ ጆን ኪድ በ1953 ባሳተመው ሥራ ነው ነገሩ የተጀመረው። አለርጂ፣ የቆሽት ብግነትና የደም መርጋት ሊያስከትል ስለሚችል ልጁ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ራስ ምታት ካለው ሳይዘገይ ይነገር።

እዚህ ላይ ወላጆች በጥብቅ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። መርካፕቶፑሪንን ሰውነት የሚያስወግደው በኢንዛይሞች ነው። ቲፒኤምቲ ወይም ኤንዩዲቲ15 የተባሉት በዘር ደካማ የሆኑበት ልጅ የተለመደውን መጠን ቢወስድ መቅኔው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አሎፑሪኖል የሚባለው የሪህ መድኃኒትም ከዚሁ መንገድ አንዱን ይዘጋል፤ ሁለቱ አብረው ከተሰጡ የመርካፕቶፑሪን መጠን ወደ ሲሶ ወይም ሩብ ገደማ መውረድ አለበት። ማንኛውም ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት የልጁን የካንሰር ሐኪም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አይዲኤች የሚባለው ምርመራ ምንድን ነው?

አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ካለባቸው አዋቂዎች ከአምስት አንዱ ገደማ አይዲኤች1 ወይም አይዲኤች2 በተባለ ዘረመል ላይ ለውጥ አለባቸው። የተለወጠው ኢንዛይም በተለመደው ሥራው ፈንታ 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የተባለ ነገር ያመርታል። ይህ ነገር ሲከማች ሕዋሱ ከለጋነት ወደ ብስለት እንዲሄድ የሚያደርጉትን ኢንዛይሞች ያፍናል፤ ሕዋሱ ሳይበስል ይባዛል።

ኤናሲደኒብ በ2017 ለአይዲኤች2፣ አይቮሲደኒብ በ2018 ለአይዲኤች1 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ሥራቸው ከሌሎቹ ይለያል፤ ሕዋሱን ወዲያው ከመግደል ይልቅ እንዲበስል ይለቁታል። ብዙ ሕዋስ ባንድ ጊዜ ሲበስል ግን ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እብጠትና የክብደት መጨመር ሊመጣ ይችላል፤ ለሕይወት ያሰጋል፣ ዴክሳሜታዞን በተባለ መድኃኒት ፈጥኖ ይታከማል። ይህን ምልክት ጉንፋን ነው ብሎ ቤት ማሳለፍ አይገባም።

ስኳር ባቆም ሉኪሚያው ይራባል?

አይራብም። ጥያቄው ከመሬት አልመጣም፤ ኦቶ ቫርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ግሉኮስ በብዛት እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ሊምፎማ የት እንዳለ የሚያሳየው ፔት ስካንም የሚሠራው በዚሁ ነው። ነገር ግን ስኳር ባይበላም ጉበት ግሉኮስ እየሠራ የደሙን መጠን ይጠብቃል፤ የሉኪሚያ ሕዋሳትም አሚኖ አሲድና ቅባት መጠቀም ይችላሉ። የሚራበው ታማሚው ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ክብደቱ ሲወርድ ሕክምናውን መቋቋም ይከብደዋል።

ስለ ቫይታሚንም እንዲሁ ነው። ቫይታሚን ሲ በደም ግንድ ሕዋሳት ላይ ቴት2 የተባለውን ኢንዛይም እንደሚያግዝ በ2017 በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህ ግን ለታማሚ የሚታዘዝ ሕክምና ሆኗል ማለት አይደለም። በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ደግሞ ጂ6ፒዲ ለጎደለው ሰው ደም የሚያፈርስ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰውም በራሱ ፈቃድ ፎሊክ አሲድ አይጀምር፤ በሐኪም ሲታዘዝ ሌላ ነገር ነው።

የስኳር ሕመም አለብኝ፤ የደም በሽታዬ ሄሞግሎቢን ኤ1ሲን ያዛባል?

ያዛባል። ኤ1ሲ የሚለካው ግሉኮስ በሄሞግሎቢን ላይ በወራት ውስጥ የተጣበቀውን ያህል ነው። ቀይ ሕዋሳቱ ቶሎ የሚፈርሱበት ወይም ደም የተሰጠው ሰው ውጤቱ ከእውነቱ በታች ሊሆን ይችላል፤ በብረት እጥረት ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ስኳሩን በቀጥታ እየለካ ቢከታተል ወይም ፍሩክቶሳሚን የተባለው ሌላ የደም ምርመራ ቢታይለት ይሻላል።

የቆየ ደም ቢሰጠኝ ይጎዳኛል?

የተለገሰ ደም በፍሪጅ እስከ 42 ቀን ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ኤቲፒ ይቀንሳል፤ 2፣3-ዲፒጂ በሁለት ሳምንት ገደማ ሊያልቅ ይደርሳል። ሕዋሳቱ በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን በአንድና በሦስት ቀን መካከል መልሰው ይሠሩታል። በትላልቅ ጥናቶች አዲስ ደም የተሰጣቸው ታማሚዎች በተለመደው አሠራር ከተሰጣቸው ይልቅ የሞት ቁጥራቸው አላነሰም። በዚህ ምክንያት ደም አለመቀበል አይመከርም።

ሳልዘገይ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሽንት በድንገት ሲጠቁር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ በተለይ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በቀናት ውስጥ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ወይም መጥባት ካቆመ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፤ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። የሲክል ሴል ታማሚ ደረቱን ሲያመውና ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ወይም አንድ ጎኑ ሲዝል። ሲሄዱ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፤ ያለ ትዕዛዝ የተገዛውንና ከዕፅዋት የተዘጋጀውንም ጭምር።